ወደ ግራ የሚስበው ፒክአፕ፦ ቀኙን ጎማ ይጠይቁ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ ፒክአፕ አለኝ። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ነው። ፍሬን ስይዝ መሪው ወደ ግራ ይስበኛል። የግራውን የፊት ሸራ አስቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። በዚያ ላይ መኪናው ባዶ ሲሆን፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ ከኋላ አንዱ ጎማ ድንገት ነክሶ ይይዛል። አንድ መካኒክ ማስተር ሲሊንደሩን ቀይረው አለኝ። ልቀይረው ወይስ ሌላ ምክንያት ይኖረዋል?»

ማስተሩን አይቀይሩ። ቢያንስ ዛሬ አይቀይሩት።

የአብዛኞቹ ፒክአፖች የፍሬን መስመር ለሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ለፊት፣ ሌላው ለኋላ ይሄዳል። ማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ዋናው ሲሊንደር፣ ወደ ፊት የሚልከው ግፊት ለግራም ለቀኝም አንድ ነው። ወደ ግራና ቀኝ የሚለያየው ከዚያ በታች ነው። ማስተሩ ቢደክም ፔዳሉ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ወይም መኪናው በጠቅላላው አልቆም ይላል። ግራን ከቀኝ ለይቶ ግን አያበላልጥም። የእግርዎን ኃይል የሚያግዘው ሰርቮም እንደዚያው። ስለዚህ መኪና ወደ ጎን ሲስብ ጥፋተኛው ያለው ወደ ጎማው ቀረብ ብሎ ነው፤ ቱቦው፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር፣ ሸራው፣ ዲስኩ፣ አንዳንዴም ጎማው ራሱ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። ወደ ግራ ሲስብ የግራውን ሸራ ቀየሩ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን እስቲ ያስቡት። ሁለት ሰዎች ከኋላ ገመድ ይዘው ቁልቁል የሚወርድ ጋሪ ያቆማሉ እንበል። የቀኙ ሰው ገመዱን ቢያላላ ጋሪው ወዴት ይዞራል? ወደ ግራ፤ አጥብቆ የያዘው ሰው ወዳለበት። የእርስዎም መኪና ወደ ግራ የሚሄደው ግራው ስለሚይዝ ነው። የሰነፈው ቀኙ ሊሆን ይችላል። ምናልባት ደግሞ ግራው ከመጠን በላይ እየያዘ፣ ወይም ጨርሶ አልለቅ እያለ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ ዕቃ መግዛት ብር መበተን ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ አይቆጡኝ። የአንድ ጎን ሸራ ብቻ አይቀየርም። አሁን ግራው ላይ አዲስ፣ ቀኙ ላይ አሮጌ ሸራ አለዎት። ምናልባትም የተለያየ ፋብሪካ ምርት ናቸው። ሸራ ሁሉ እኩል አይነክስም። ስለዚህ ከድሮው ችግር ላይ አዲስ ጨምረው ይሆናል። የመጨረሻ ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ የፊቱ ሸራ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ጎማ ከመፍታትዎ በፊት

መጀመሪያ የፍሬን ዘይት ዕቃውን ይዩ። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ፣ ከጎማ ጀርባ እርጥበት ካዩ፣ ወይም ፔዳሉን ረግጠው ሲይዙት የሚሰምጥ ከሆነ መኪናውን ለሙከራ እንኳ አይንዱት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ፔዳሉ ጠንካራ ለሆነና ዘይት ለማያፈስ መኪና ነው።

ቀጥሎ የጎማውን ንፋስ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ንፋስ፣ እኩል ስፋት፣ ተቀራራቢ ጥርስ ይኑራቸው። ይህን ሳያዩ ካሊፐር የፈቱ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔም አንድ ቀን ግማሽ ቀን ሙሉ ፈትቼ ገጥሜ፣ መጨረሻ ላይ ንፋስ ሞልቼ የሸኘሁት መኪና አለ።

ከዚያ ባዶና ጠፍጣፋ መንገድ ይፈልጉ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ፣ መሪውን ሳያጠብቁ፣ ፍሬኑን በመጠኑ ይያዙ። መሪው እጅዎ ላይ የሚጎትት ከሆነ ጉዳዩ የፊት ነው። መሪው ዝም ብሎ የመኪናው ጭራ ቢወራጭ የኋላ ነው። ፔዳሉ እግርዎ ሥር ቱክ ቱክ ካለ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ ዲስኩ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ቀጥኗል፣ ወይም ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል። ያ መንቀጥቀጥ ያመጣል እንጂ ብቻውን ወደ ጎን አይስብም። ፍሬን ሳይነኩም ወደ ግራ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ወይ ግራው ፍሬን አልለቀቀም፣ ወይ የጎማ አሰላለፉ ተበላሽቷል።

አሁን እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማምነው ፈተና፦ ሙቀት። ፍሬን ሥራው ፍጥነትን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። የሠራ ፍሬን ይሞቃል፣ ያልሠራ ይቀዘቅዛል። ሌላ ምስክር አያስፈልግም። 10 ደቂቃ ያህል ይንዱ፤ ስድስት ሰባት ጊዜ በመጠኑ ፍሬን ይያዙ። ሲቆሙ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ማርሽ ውስጥ አስገብተው ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ። ከዚያ ከሩቅ ሙቀት በሚለካው ቴርሞሜትር የግራውንና የቀኙን ዲስክ በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ይለኩ። መሣሪያው ከሌለዎት የእጅዎን መዳፍ ወደ ቸርኬው ጠጋ ያድርጉ፤ አይንኩት። ሁለቱ ዲስኮች ፍጹም እኩል ባይሆኑ አይደንግጡ። እኔ ከ30 ዲግሪ በላይ ልዩነት ሳይ ነው ቁልፍ የማነሳው።

ከዚያ መኪናው ይብረድና ሁለተኛ ዙር ይንዱ። አሁን ፍሬን ሳይነኩ፣ በመጨረሻ ነዳጁን ለቀው መኪናው በራሱ ቀስ ብሎ እንዲቆም ያድርጉ። እንደገና ይለኩ። በዚህኛው ዙር የሞቀ ጎማ ካለ እሱ የማይለቀው ነው።

መልሱ ከሁለቱ ዙሮች ይወጣል። በመጀመሪያው ዙር ቀኙ ቀዝቅዞ፣ በሁለተኛው ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ቀኙ ሰነፍ ነው። በሁለተኛው ዙር ግራው ብቻ ከሞቀ ግራው ተጣብቋል። እርስዎ በነገሩኝ ምልክት እኔ ብወራረድ በቀኙ ነው፤ ግን ቴርሞሜትሩ ከእኔ ይበልጣል።

ሸራው ራሱ ይናገራል

መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስተው ሥሩ አይግቡ። የብረት መደገፊያ ሻሲው ሥር ያድርጉ። ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ይፍቱ፤ አንዱን ብቻ አይደለም። ሥራው ሁሉ ማወዳደር ነውና።

የቀኙን ሸራዎች አውጥተው ከውስጥና ከውጭ ያሉትን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ካሊፐርዎ ባንድ በኩል ብቻ ፒስተን ያለው፣ በሁለት ፒን ላይ የሚንሸራተተው ዓይነት ከሆነ ሸራው ብዙ ይነግርዎታል። የውስጡ አልቆ የውጩ ወፍራም ከሆነ ፒኖቹ ደርቀው ካሊፐሩ አልንሸራተት ብሏል። ሸራው እንደ ታኮ ባንድ ጫፍ የቀጠነ ከሆነ አንዱ ፒን ደርቋል። ሁለቱም ከግራው ጎን ሲነጻጸሩ ወፍራም ከሆኑ ፒስተኑ በደንብ አይወጣም፣ ወይም ዘይቱ አይደርሰውም። ሸራው ላይ የዘይት ወይም የግራሶ ምልክት ካለ ወሬው አልቋል፤ ያ ሸራ ይጣል። በቤንዚን አጥቦ ወይም አቃጥሎ መመለስ የተለመደ ነገር ነው፤ እኔ አላደርገውም። ሸራው እንደ ስፖንጅ ነው፤ ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ይተፋል።

አንዳንድ የድሮ ባለ አራት ጎማ ነጂ ፒክአፖች ደግሞ ካሊፐራቸው አይንሸራተትም፤ ከሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት፣ ባጠቃላይ አራት ፒስተን አላቸው። እዚያ ከአራቱ አንዱ ብቻ ሊደርቅ ይችላል። ረዳት ፔዳሉን በጣም በቀስታ ሲረግጥ የትኛው እንደማይንቀሳቀስ ይመልከቱ። አሮጌ ሸራ ወይም ጣውላ መሐል ያስገቡ፤ አለበለዚያ ፒስተኑ ዘሎ ይወጣል።

የደረቀ ፒን ቀላል ነው። ያውጡት፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ ለፍሬን የተሠራ ግራሶ ይቀቡት። ተራ ግራሶ አይቀቡ። ተራው ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ስለሆነ የፒኑን ጎማ ያሳብጣል፤ ከጥቂት ወር በኋላ ከበፊቱ ብሶ ይጣበቃል። ፒኑ በዝገት ከተበላ አዲስ ይግዙ።

ፒስተኑን ለመፈተን ካሊፐሩ ላይ ያለችውን አየር ማስወጫ ቡሎን ከፈት አድርገው፣ በቀጭን ቱቦ ዘይቱን ወደ ጠርሙስ እየሰደዱ፣ ፒስተኑን በሞርሳ ወደ ውስጥ ይግፉ። ጤነኛ ፒስተን በተረጋጋ ኃይል ይገባል። እየጮኸ፣ እየተንገራገጨ ወይም ጨርሶ እምቢ የሚል ከሆነ ዝጓል። ካሊፐሩ ተፈትቶ በአዲስ የጎማ ማኅተሞች ይታደሳል፣ ፒስተኑ ከተበላም ይቀየራል። ቡሎኗን ሳይከፍቱ አይግፉ፤ ካሊፐር ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመውን ጭቃ ወደ ላይ ይመልሱታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር፦ የጎማ ቱቦው። ከሻሲው ወደ ካሊፐሩ የሚወርደው ተጣጣፊ ቱቦ ከውጭ አዲስ መስሎ ከውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። የውስጡ ሽፋን ይላጥና እንደ ቫልቭ ይሆናል። ፔዳሉን ሲረግጡ ግፊትዎ ከፍተኛ ስለሆነ ዘይቱ ያልፋል፤ ግን ዘግይቶ። ሲለቁ ደግሞ የሚመልሰው ኃይል የለም፤ ዘይቱ ካሊፐሩ ውስጥ ይታገታል። ስለዚህ አንድ ቱቦ ሁለት ተቃራኒ በሽታ ያመጣል። መጀመሪያ ላይ ያ ጎን ይሰንፋል፣ በኋላ አልለቅ ይላል። መኪናው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየሳበ ሰውን ግራ የሚያጋባው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በዕድሜ በገፉ መኪናዎች ላይ ደግሞ ቱቦውን አቅፎ የሚይዘው ብረት ከውስጥ ዝጎ ያብጥና ቱቦውን ያንቃል። እዚያ ቦታ ላይ በደንብ ይዩ።

ፈተናው ቀላል ነው። ጎማው በእጅ አልዞር ሲል የካሊፐሩን አየር ማስወጫ ቡሎን በትንሹ ይክፈቱ። ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ነጻ ከሆነ ግፊት ታግቶ ነበር ማለት ነው። የያዘው አንድ ጎማ ብቻ ከሆነ ተጠርጣሪው ቱቦው ነው፤ ማስተሩ ቢሆን ሁለቱንም ይይዝ ነበር። ቡሎኗ ተከፍታም ጎማው ካልተለቀቀ ጥፋቱ ፒስተኑ ወይም ፒኑ ነው። ለሰነፍ ጎን ደግሞ በተገላቢጦሽ፦ ረዳት ፔዳሉን ሲረግጥ የሁለቱንም ጎን ቡሎን በየተራ ይክፈቱ። ከግራው በኃይል ሲወጣ ከቀኙ እየቀጠነ የሚወጣ ከሆነ ቱቦው ተደፍኗል። የመጀመሪያው ዘይት አረፋ ከሆነ ደግሞ በዚያ መስመር አየር ገብቷል። ቱቦውን በፒንሳ ጨምቆ መፈተን የሚወዱ አሉ። እኔ በ20 ዓመት ቱቦ ላይ አልሞክረውም፤ ጤነኛም ቢሆን በጭመቃው ይሞታል። ቱቦ ሲቀየር የግራና የቀኙ አብሮ ይቀየር።

ዲስኩን በተመለከተ ብዙ አላወራም። የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት ራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ከቀጠነ ይጣል። ቅባትና ዝገት ካለበት ይጽዳ። በቃ።

ከኋላ የሚነክሰው

ይህ የተለየ ችግር ነው፤ ከፊቱ ጋር አያምታቱት። ታምቡር ፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር ሲነካካ በመሽከርከሩ ራሱ ይበልጥ እየጠበቀ የሚሄድ አሠራር አለው። ለዚህ ነው ትንሽ ነገር ሲበላሽ ትልቅ የሚሆነው።

ጠዋት ላይ ብቻ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ነክሶ ከዚያ የሚተው ከሆነ ሌሊት ታምቡሩ ላይ የያዘ ስስ ዝገት ነው። ይህ በሽታ አይባልም። ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ፣ ያውም ሁልጊዜ አንዱ ጎማ ከሆነ፣ ታምቡሩን ይክፈቱ። አልወጣም ካለ በመዶሻ ከመደብደብዎ በፊት የሸራውን ማስተካከያ ወደ ኋላ ያላሉ። ብዙ ታምቡሮች ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ልካቸው የሆነ ሁለት ቡሎን በየተራ ሲጠብቅ ታምቡሩን ገፍቶ ያወጣዋል።

ሲከፍቱ አቧራውን በአየር አይንፉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሳንባን ይጎዳል። በውኃ አርሰው በጨርቅ ይጥረጉ።

የመጀመሪያው ፍለጋ እርጥበት ነው። ሸራ ጥቂት ዘይት ሲነካው ይነክሳል፤ ሲርስ ደግሞ ይንሸራተታል። ዘይቱ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል፦ ከላይ ካለችው የፍሬን ሲሊንደር፣ ወይም ከአክስሉ ጫፍ ዘይት ከሚይዘው የጎማ ቀለበት። ለመለየት ጠብታውን በጣትዎ ነክተው በውኃ ያጥቡት። የፍሬን ዘይት ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ይሄዳል። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው፣ ይሸታል፣ ውኃ አያስለቅቀውም። ምንጩን ሳያደርቁ ሸራ ብቻ መቀየር ማለት አዲሱን ሸራ ዘይት ማጠጣት ነው።

ደረቅ ከሆነ ማስተካከያውን ይዩ። ባለ ጥርሷ ብሎን ዝጋ አንዱ ጎን ሸራው ቀርቦ ሌላው ርቆ ሊሆን ይችላል። ያጽዷት፣ ግራሶ ይንኳት። የግራና የቀኝ ማስተካከያ በብዙ መኪና ላይ ጥርሱ በተቃራኒ የተቆረጠ ነው። ከተለዋወጡ ሸራውን በማስጠጋት ፈንታ ያርቁታል። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው፤ ሥራ ስጀምር ሁለቱንም ታምቡር ባንድ ጊዜ ፈትቼ ዕቃውን አንድ ሳህን ላይ ዘርግፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱን ጎን ስሠራ ሌላውን አልፈታም። ያልተፈታው ጎን ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ ሥዕል ነው።

የእጅ ፍሬኑ ገመድም ሊዝግና አንዱን ሸራ ግማሽ ተስቦ ሊያስቀረው ይችላል። እጀታውን ለቀው የሸራው ማንሻ እስከ መጨረሻው መመለሱን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ሲያስተካክሉ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ መጀመሪያ ገመዱን ያላሉ፣ ሸራውን ያስተካክሉ፣ ገመዱን የመጨረሻ ያጥብቁ። በገመድ የሸራን ክፍተት መደበቅ የሰነፍ ሥራ ነው።

«ባዶ ሲሆን» ስላሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ፒክአፖች ከኋላ አክስል በላይ፣ ሻሲው ላይ፣ በዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ ቫልቭ አላቸው። ጭነት ሲበዛ ለኋላ ፍሬን ግፊት ይጨምራል፣ ባዶ ሲሆን ይቀንሳል። ዘንጉ «ጭነት አለ» በሚለው ቦታ ዝጎ ከቀረ ባዶው መኪና ከኋላ ይቆልፋል። ባሌስትራ ተጨምሮ መኪናው ከፍ ካለ ደግሞ በተቃራኒው፣ ጭነት እያለም ባዶ ነው ብሎ ያስባል። ቫልቩ ግን የሚያዘው ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ነው። ስለዚህ ተራው የሚመጣው ሁለቱ ታምቡሮች ንጹሕና እኩል መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ፍሬኑ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ መሳቡ ከቀጠለ የፊት እግሩን ይፈትሹ። ያለቀ የክንድ ቡሽ ፍሬን ሲያዝ ጎማውን ወደ ኋላ ያስኬደዋል፤ መሪውም አብሮ ይዞራል። የላላ ኩሽኔታና የላላ የባሌስትራ ማሰሪያ ቡሎንም እንደዚሁ መኪናው ወደ ጎን እንዲስብ ያደርጋሉ።

ሲገጥሙ

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ይለውጡ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ይህ ቁጥር ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ይጠቀሙ። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ ከገባ ፍሬኑ ውስጥ ያሉት የጎማ ማኅተሞች ሊያብጡ ይችላሉ።

አየር ሲያስወጡ መመሪያው ሌላ ካላለ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀምሩ። ፔዳሉ ሥር ቁራጭ ጣውላ ያድርጉ፤ እስከ ወለሉ አይረገጥ። በአሮጌ ማስተር የታችኛው ክፍል ፒስተኑ ደርሶት የማያውቅ ዝገት አለ፤ የፒስተኑ የጎማ ማኅተም እዚያ ላይ ሲሄድ ሊቀደድ ይችላል። ደህና የነበረው ማስተር ያኔ እውነትም ማስተር የሚያስቀይር ይሆናል።

የጎማ ዳዶዎችን በመስቀል ተራ፣ በልካቸው ያጥብቁ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ፤ ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን ባዶ ያገኘዋል። ከዚያ አዲሱን ሸራ ያለማምዱ፦ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በመጠኑ እየቀነሱ ስምንት አሥር ጊዜ፣ በመሐል አየር እንዲያገኝ እየነዱ። ትኩሱን ፍሬን ይዘው አይቁሙ።

ከዚያ ያንን ቴርሞሜትር እንደገና ያውጡ፣ አራቱንም ይለኩ፣ ቁጥሩን ይጻፉ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ሲያጠብቁ አንድ ጊዜ ደግሞ ይለኩና ከጻፉት ጋር ያወዳድሩ።